ፓላክ ፓኒርን እንደ ወጥ አትሥሩት

ህንድ፣ ፑንጃብ ውስጥ ወዳለችው ፓቲያላ የሄድኩት ለሦስተኛ ዲግሪ ነው። ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ፑንጃብ የተላክን መምህራን ጥቂት አልነበርንም፤ በመጀመሪያው ዓመት ቀበቶውን ያላጠበቀ ግን ከመካከላችን አላየሁም። የሆስቴሉ ምግብ ጠዋት ድንች፣ ቀን ምስር፣ ማታ ሁለቱ ተገናኝተው ነበር። ውጭ መብላት ኪስ ይጎዳል። ከአዲስ አበባ በሰው እጅ እንጀራ የመጣ ቀን ዓመት በዓል ነው፤ ሲያልቅ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ወደ ሩዙ ይመለሳል። ጨጓራዬ አላስቀምጥ ሲለኝ፣ ልብሴም ሲሰፋኝ፣ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር የአንዲት ጡረተኛ መምህርት ቤት ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራየን። ራሳችን አብስለን ልንበላ።

ፓላክ ፓኒርን የጀመርነው ርካሽ ስለሆነ ነው። ፑንጃብ ውስጥ በብርዱ ወራት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ስፒናች ጋሪ ላይ ተከምሮ በየሰፈሩ ይዞራል። ወተትም የትም አለ። ምግቡም ሲያዩት ቀላል ነው፦ የተፈጨ ስፒናች (ፓላክ)፣ በውስጡ ነጭ የአይብ (ፓኒር) ቁራጭ። እኛ ስንሠራው ግን የሚወጣው ጭቃ መሳይ፣ መራራ፣ ጥርስ ላይ የሚሻክር ነገር ሆነ። አይቡም አንዴ ይበተናል፣ አንዴ እንደ ጎማ ይሳባል። ይህን የምጽፈው ህንድ ላላችሁ ተማሪዎች፣ ዓረብ አገር ህንዶች ቤት ለምትሠሩ እህቶች፣ አዲስ አበባም ሆናችሁ ምግብ ቤት የቀመሳችሁትን እቤት ለምትሞክሩ ነው። ወተትና ቅጠል ደፍቶ መማር ይብቃ።

ዋናው ችግራችን ወጥ ሠሪ መሆናችን ነው። እጃችን የሚያውቀው ሽንኩርት ያለ ዘይት ማቁላላት፣ ከዚያ ዘይቱን መጨመር፣ ከዚያ ክዳን ገጥሞ ማንተክተክ ነው። ጎመንም ቢሆን እስኪለሰልስ እንቀቅለዋለን። እኔም ስፒናቹን ከትፌ ቁሌቱ ላይ ጨመርኩና ክዳኑን ገጥሜ መጽሐፌን አነሳሁ። ሽታው ታች ድረስ ሳይወርድ አልቀረም፤ አከራያችን አንቲ ጂ (እዚያ ትልቅ ሴት ሁሉ አንቲ ጂ ናት) ደረጃውን ወጥተው መጡ፣ ክዳኑን አነሱ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። «ፑታር፣ ይኼ ቅጠል ምን በደለሽ?» አሉኝ። ፑታር ልጄ እንደማለት ነው። በማግስቱ ከገበያ ስፒናች ይዘው መጥተው ከእጥበቱ ጀምሮ አሳዩኝ።

እጥበቱን ማንም አይነግራችሁም፣ ግማሹ ጥፋት ግን እዚያ ነው። ስፒናች መሬት ላይ ተኝቶ ስለሚያድግ በየእጥፋቱ አሸዋ ይይዛል። ቅጠሉን በሰፊ ሳህን ውሃ ውስጥ ትነክራላችሁ፣ በእጅ እያገላበጣችሁ ታጥቡታላችሁ፣ ከዚያ ቅጠሉን ከላይ በእጃችሁ አፍሳችሁ ወደ ሌላ ሳህን ታወጡታላችሁ። ውሃውን ከነቅጠሉ ወደ ማጥለያ አትገልብጡ! የዘቀጠው አሸዋ መልሶ ቅጠሉ ላይ ይፈስሳል። እኔ ስገለብጥ ነበር የኖርኩት። የሳህኑ ግርጌ በጣት ሲዳበስ ልሙጥ እስኪሆን ውሃውን እየቀየራችሁ ድገሙት። ጠንካራ አገዳ ያለውን ቅጠል አገዳውን ቀንጥሳችሁ ጣሉ።

ቀጥሎ ለ3 ወይም ለ4 ሰው 500 ግራም ያህል ቅጠል በትልቅ ድስት፣ በደንብ በሚፈላና ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ለ1 ደቂቃ፣ ቢበዛ ለ2 ደቂቃ ብቻ ይገባል። ክዳን የለም። ከዚያ ወዲያው በጭልፋ አውጥቶ በረዶ ወዳለበት ወይም በጣም ወደ ቀዘቀዘ ውሃ። ምክንያቱን እንደ ኬሚስትሪ ሰው ልንገራችሁ፦ ቅጠሉ ሲሞቅ በውስጡ ያለው አሲድ ይለቀቅና የክሎሮፊሉን ማግኒዚየም ያስወጣዋል፤ ያን ጊዜ አረንጓዴው ወደ ቡናማ ይሄዳል። ክዳን ሲገጠም የአሲዱ ተን መውጫ አጥቶ ተመልሶ ድስቱ ውስጥ ይወድቃል። ጊዜው ሲረዝም ደግሞ ሥራው ያልቃል። ቀዝቃዛው ውሃ ማብሰሉን ባለበት ያቆመዋል። የተቀቀለበትን ውሃ ድፉት፣ ጥርስ የሚያሻክረው ኦክሳሊክ አሲድ ከፊሉ እዚያ ውስጥ ነው። «ቫይታሚኑ ይባክናል» ብላችሁ ለመፍጫ እንዳትጠቀሙበት፣ እኛ ተጠቅመን መራራውን ሁሉ መልሰን በላነው።

አረንጓዴው እንዳይጠፋ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ የሚላችሁ ሰው ይኖራል። ቀለሙን በእርግጥ ይይዛል፣ ቅጠሉን ግን ያላሽቀዋል፣ ጣዕሙም ሳሙና ሳሙና ይላል። ይቅርባችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለቀለም ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ። አንቲ ጂ ራሳቸው ሲቸኩሉ ስፒናቹን በፕሬሸር ኩከር አንድ ፉጨት አስጩኸው ያወርዱታል፣ ጠቆር ይላል፣ ግን ይጣፍጣል። ያ የሚያበራ አረንጓዴ የምግብ ቤትና የፎቶ ጉዳይ ነው። ሳግ የሚባለው የፑንጃብ የሰናፍጭ ቅጠል ምግብማ እሳት ላይ ሰዓታት ይቆያል፣ ከበቆሎ ቂጣ ጋር ሲበላ ደግሞ የትኛውም አረንጓዴ አይስተካከለውም። የሰናፍጭ ቅጠል ግን ጊዜ ይችላል፣ ስፒናች አይችልም። ሁለቱን ያምታታ ሰው ነው መራራ የሚበላው።

ወደ መፍጫው ስንመጣ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ባልደረባዬ አንድ ማታ ረሃቡም ቸኩሎባት ቀዝቃዛ ውሃውን ዘለለችና ትኩሱን ስፒናች ሚክሲው (የኤሌክትሪክ መፍጫው) ውስጥ እስከ አፉ ሞላችው፣ ክዳኑን ጠረቀመች፣ ቁልፉን ተጫነች። የታመቀው እንፋሎት ክዳኑን ጣሪያ ድረስ ወረወረው። ግድግዳው፣ መጋረጃው፣ የተሰጣው ፎጣ አረንጓዴ፤ እሷም ከክንዷ እስከ አንገቷ። የተፈጨ ስፒናች እንደ ውሃ አይፈስስም፣ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ማቃጠሉን ይቀጥላል። እኔ የጥርስ ሳሙና ፍለጋ ስሮጥ አንቲ ጂ እጇን ይዘው ቧንቧ ስር ከተቷትና ለ20 ደቂቃ ያህል አላስወጧትም። ትክክል ነበሩ፦ ለቃጠሎ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ የጥርስ ሳሙናም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም አይደለም። በረዶም በቀጥታ አይደረግም። ጠባሳው ዛሬም ክንዷ ላይ አለ። ስፒናቹ ቀዝቅዞ፣ ጆጉም ከግማሽ ሳያልፍ ፍጩ። ውሃ አትጨምሩ፣ ቅጠሉ የያዘው ይበቃዋል። 2 ቃሪያና አውራ ጣት የምታክል ዝንጅብል አብራችሁ ብትፈጩ ጥሩ ነው። እኔ እንደ ቅባት እስኪልም አልፈጭም፣ ትንሽ ሻካራ ሲሆን ቅጠል መብላቴ ይታወቀኛል።

አሁን አይቡ። ህንድ ያላችሁ ከሱቅ ልትገዙ ትችላላችሁ፣ እቤት የተሠራው ግን ለስላሳም ርካሽም ነው፣ ወተቱን ካወቃችሁበት። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። እዚያ ወተት በስብ መጠኑ ይለያል፦ ፉል ክሪም የሚባለው 6 ከመቶ ስብ አለው፣ ቶንድ 3 ከመቶ፣ ደብል ቶንድ 1.5 ከመቶ። እኛ ከሱቁ ርካሹን እያነሳን ስንመለስ የምንጠቀመው ደብል ቶንድ ነበር፤ ከዚያ የሚወጣው እፍኝ የማይሞላ፣ ደረቅና የሚፈረፈር ነው። በፉል ክሪም ከ1 ሊትር ወደ 200 ግራም የሚጠጋ ይገኛል። በተራ የላም ወተት ከዚያ ያንሳል። ካርቶን ውስጥ የሚሸጠውን ለወራት የሚቆይ ወተት ለዚህ አትግዙ፣ በከፍተኛ ሙቀት ስላለፈ የሚወጣው አይብ ልፍስፍስ ነው፣ ቢጫኑትም በደንብ አይያያዝም።

ወተቱን ግርጌው ወፍራም በሆነ ድስት እያማሰላችሁ አፍሉት። ሲገነፍል እሳቱን ቀንሱና በትንሽ ውሃ የቀጠነ የሎሚ ጭማቂ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ ለ1 ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ ጭማቂ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ነጩ ከውሃው ይለያል። ምልክቱ አጓቱ ነው፦ ጠራ ብሎ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ሲያደላ ደርሷል፣ አሁንም ወተት ከመሰለ ሎሚ ይቀረዋል። ልክ እንደተለየ እሳቱን አጥፉ። «ትንሽ ይብሰል» ማለት አይቡን ጎማ ማድረግ ነው፤ ያ ሁሉ የሚሳብ ነገር የመጣብን ከዚህ ነው። በንጹህ ስስ የጥጥ ጨርቅ አጥልሉት፣ የሎሚው ጣዕም እንዲወጣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፣ ጨርቁን ጠምዝዛችሁ ጭመቁትና ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት። ውሃ የሞላ ድስት፣ ሙቀጫ፣ እኔ ቤት የሚጫነው የሕግ ተማሪ ጎረቤታችን ትቶልን የሄደው መጽሐፍ ነው። ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት በቂ ነው። ከዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ትንሽ ቢያርፍ ቢላ ሲገባበት አይፈርስም። አጓቱን አትድፉት፣ ሮቲ (የህንዶች ቂጣ) ይቦካበታል፣ ምስር ይቀቀልበታል።

ምንም አድርጋችሁ ከተፈረፈረባችሁ ደግሞ አታልቅሱ። በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ጠብሳችሁ ብሉት፣ ቡርጂ ይባላል፣ ህንዶቹ ሆን ብለው የሚሠሩት ምግብ ነው። እኛ ፓላክ ፓኒር ሳንለምድ በፊት የቡርጂ ባለሙያ ሆነን ነበር።

አይቡን መጥበስ ግዴታ አይደለም። ከወደዳችሁ ጎኖቹ ወርቃማ እስኪሉ ብቻ ጠብሳችሁ ወዲያው ለብ ያለ ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ክተቱት፣ እስኪፈለግ እዚያው ይቆይ። ለስላሳ ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ ጨውም ይገባዋል።

ድስቱ ላይ ደግሞ ተራው ከለመድነው ይገለበጣል። ዘይቱ ወይም ጊው (ያለ ቅመም የነጠረ ቅቤ) ነው የሚቀድመው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ። ሲግል 1 የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን ይገባና ይንጣጣል፣ መዓዛው ሲመጣ ደቆ የተከተፈ ሽንኩርት። አንድ ትልቅ ራስ ይበቃል፣ አንድ ራስ! የእኛ እጅ አራት ያነሳል። ሽንኩርቱ ወርቃማ ሲሆን 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ተከትፎ፣ ከዚያ አንድ ቲማቲም። ቲማቲሙ ጠፍቶ ዘይቱ ዳር ዳር እስኪወጣ እዚያ ላይ ታገሡ፤ ወጥ ሠሪነታችን የሚጠቅመን እዚህ ብቻ ነው። እርድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ የተፈጨ ድንብላል አንድ። እርድ ሲበዛ ቀለሙን ያደበዝዛል። በርበሬ አትጨምሩ። ባልደረባዬ «ትንሽ ብቻ» እያለች ስትጨምር ነበር፤ ቀይና አረንጓዴ ሲገናኙ ምን እንደሚመጣ የሞከረው ያውቀዋል።

የተፈጨውን ስፒናች ጨምራችሁ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ ያለ ክዳን። ይረጫል፣ ስለዚህ እሳቱ ዝቅ ይበል። አይቡ ይግባ፣ 1 ወይም 2 ደቂቃ ብቻ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጋራም ማሳላ (የህንዶች የተፈጨ ድብልቅ ቅመም)፣ በመዳፍ መካከል የታሸ አንድ ማንኪያ ካሱሪ ሜቲ (የደረቀ የአብሽ ቅጠል ነው)፣ ሁለት ማንኪያ ክሬም፣ እሳት ማጥፋት። ሎሚ የምትወዱ ሳህናችሁ ላይ ጨምቁ፣ ድስቱ ውስጥ አይሁን፤ ያመለጥነውን አሲድ መልሶ መጋበዝ ነው። ምሬት ካለው የሚያርቀው ክሬሙና ቁንጥር ስኳር ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ ሌላ ትግል ጀመርኩ። ጉሊት የሚገኘው ቆስጣ ነው። ይሠራል፣ ግን ነጩን አገዳ ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ለሌላ አልጫ አስቀምጡት፣ ቅጠሉንም ከስፒናች አንድ ደቂቃ ጨምራችሁ ቀቅሉት። የሀበሻ ጎመን አትሞክሩ፣ ያ የራሱ ምግብ አለው። እህቴ ወተት ማፍላቱ ታክቷት የእኛን አይብ ጨምራበት ነበር፤ አይባችን ከአሬራ የሚወጣ፣ ስቡ በቅቤ የሄደ፣ ያልተጫነ ስለሆነ ገና ሲማሰል ሟሟና ድስቱ በሙሉ ነጣ ያለ ሾርባ ሆነ። ንጥር ቅቤያችንንም በጊ ፋንታ አታድርጉት። ኮሰረቱና ኮረሪማው ያሸንፋል፣ የምትበሉት የአይብ ክትፎ ዘመድ ይሆናል። ለጋ ቅቤ ያለ ቅመም አቅልጣችሁ አጥልሉ፣ ያ ጊ ነው። ካሱሪ ሜቲ ከህንድ የሚመጣ ሰው ካለ አስመጡ፣ ካጣችሁ ተዉት። በምትኩ አብሽ ዱቄት የጨመረ ሰው የሚያሙለጨልጭ መራራ ነገር ነው የሚያገኘው። ከጎረቤት የሚገዛ ያልተፈላ ወተት ከሆነ ለፓኒር ጥሩ ነው፣ ግን ሙሉ በሙሉ ሳይገነፍል ሎሚ እንዳይነካው።

በእንጀራም በልቼዋለሁ። የእንጀራው ኮምጣጣነት ክሬሙን ስለሚጫነው ለእኔ አልሆነም፤ እናቴ ግን በእንጀራ ካልሆነ አትነካውም፣ ስለዚህ በዚህ ነገር ዳኛ አልሆንም። ሮቲ ወይም ሩዝ።

የምትጾሙ ሰዎች፣ ህንድ ስትደርሱ ቬጅ የሚለው ጽሑፍና የታሸገ ምግብ ላይ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ እንዳያዘናጋችሁ። ሥጋና እንቁላል የለውም ማለት ነው እንጂ ወተቱና ጊው አለበት፤ ምስሩ ላይ እንኳን መጨረሻ ላይ ጊ ይፈስሳል። እኛ የመጀመሪያውን ዐቢይ ጾም ግማሽ ያህሉን ሳናውቅ ሽረነዋል። «ያለ ጊ፣ ያለ ወተት፣ በዘይት ብቻ» ብላችሁ ዘርዝሩ። እቤት ደግሞ ፓኒሩን በተቀቀለ ድንች ቀይሩት፣ አሉ ፓላክ ይባላል፣ ክሬሙንም ተዉት፣ ዘይት በጊ ቦታ። ሶያ ፓኒር እያሉ የሚሸጡት ቶፉም ለጾም ይሆናል፤ ከመጨመሩ በፊት በጨው ውሃ ፈላ ቢደረግ ጥሬ ሽታው ይለቃል።

የተረፈው ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 2 ቀን ይቆያል። ስታሞቁት በዝቅተኛ እሳት፣ በትንሽ ወተት አቅጥናችሁ፣ አሁንም ያለ ክዳን። ለእንግዳ ከሆነ ደግሞ የተፈጨውን ስፒናችና ቁሌቱን ለየብቻ አዘጋጅታችሁ አስቀምጡ፤ እንግዳው በር ሲያንኳኳ አገናኙዋቸው።